ቀለሟ የቆፈረችው እናት ሥር

ከአርጆ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ለተሻገረ መንገደኛ ቡርቃ ጉዳ የምትባለው መንደር ቶሎ አትታይም። ሣር ቤቶቿ በዛፍና በቡና ተክል ተሸሽገዋል፤ የሚያሳብቅባቸው ጭሳቸው ነው። መንደሪቱ ዝነኛ ደብርም ሆነ ስሙ የተጠራ ጀግና የላትም። የነበራት ቅርስ ድርቤ ከምትባል ሴት ጓሮ፣ ከግራዋው ሥር፣ አፈር ለብሶ የተቀመጠ የአንጮቴ እናት ሥር ነበር።

አንጮቴን ወለጋ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሐረጉ አጥር ላይ ይወጣል፤ ሥሩ ለመስቀል ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎና ተልጦ በቅቤ ይበላል። ለተሰበረ አጥንትም መድኃኒት ነው ይባላል። የአንድ ዓመት ሥር ግን የረባ ዘር ስለማይሰጥ፣ አንዱ ሳይነካ ለዓመታት ከመሬት ይቀራል። በየክረምቱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ መንደሩም ዘሩን ከእሱ ፍሬ ይወስዳል። አማት ለምራት ስታወርሰው፣ "ጓሮው ያንቺ ነው፤ ይህቺ ግን የሁሉ ናት" ትላለች። ቀለሟም ሙሽራ ሆና ስትገባ ከአማቷ ከድርቤ የሰማችው ይህንኑ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰኔ ዝናብ፣ ባሏ ኢዶሳ ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አስሮለት ሲወጣ፣ "አንጮቴ አብሉት" አለ። ድርቤ ለእህቷ ለቅሶ ነቀምቴ ሄዳለች። የአምናው አንጮቴ ካለቀ ቆይቷል፤ የዘንድሮው ሥር ደግሞ ገና ጣት አያክልም። ኢዶሳ ያቃስታል።

ቀለሟ ዶማ አንሥታ ወደ ግራዋው ሄደች። ጫፉን ብቻ ቆርጣ አፈሩን ልትመልስ ነበር ሐሳቧ። ዶማው ግን ሥሩን መሐል ለመሐል ሰነጠቀው። ከተሰነጠቀ ወዲያ መበስበሱ አይቀርም ብላ ሁሉንም አውጥታ ቀቀለችው።

"ይመራል" አለ ኢዶሳ።

"ብላ፤ መድኃኒት ነው" አለችው። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቃትም።

ድርቤ ከለቅሶ ስትመለስ የጠወለገውን ሐረግና ጉድጓዱን አይታ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ።

"ጃርት ነው" አለች አንዷ።

"ጃርት ደግሞ መቼ ነው ዶማ የገዛው? ይኸው የዶማው አፍ!" አለች ዱቤ፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታቸው። "ጠዋት ጠዋት ወደዚህ ግቢ የሚመላለሰው ማን ነው? እሳት ጫሪዋ ጎጃሜ አይደለችም?"

ብርቄን ማለቷ ነው። ብርቄ የበቅሎ ጭነኛው የተካ ሚስት ናት። ከጎጃም መጥተው ከመንደሩ ዳር ጎጆ ቀልሰዋል። በየማለዳው ገል ይዛ ከእነድርቤ ምድጃ ፍም ትጭር ነበር።

ድርቤ ወደ ምራቷ ዞረች። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤት የነበርሽው አንቺ ነሽ። ብርቄ መጥታ ነበር?"

"መጥታ ነበር፣ አዮ፣ እናቴ" አለች ቀለሟ።

ቃሉ እውነት ነበር። "ግን እሷ አልቆፈረችም" ብሎ ለመጨመር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር፤ ያ ትንፋሽ አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ ለብርቄ እሳት የሚሰጥ ቤት ጠፋ። በሄደችበት ሁሉ "አመድ ሆኗል" ይሏታል። አንድ ማለዳ ገሏን ይዛ ከእነቀለሟ ደጃፍ ቆመች።

"ጠፍቷል በያት" አለች ድርቤ ከውስጥ።

"ጠፍቷል" አለች ቀለሟ፤ ጭሱ ከጀርባዋ በበሩ እየወጣ።

ብርቄ ጭሱን አየችው፤ ቀለሟንም አየቻት። "ጠፍቷል? እንግዲህ እግዜር ያብራላችሁ" ብላ ተመለሰች።

ኢዶሳ በዱላ፣ በኋላም ያለ ዱላ መራመድ ጀመረ። እግሩ እየጠና ሲሄድ ሚስቱ እየከሳች ሄደች። የመንደሩ ሴቶች፣ "ባሏን ስታስታምም ነው የከሳች፤ ሚስት ማለት እንዲህ ናት!" ይሏታል። ቀለሟ ስድብ ቢሆንላት በወደደች። ዱቤም እንጨት ስትለቅም ባገኘቻት ቁጥር፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ያቺ ጎጃሜ አንድ ቀን ትለፈልፋለች" ትላታለች።

ኅዳር ላይ መንደሩ ስለ ዘር መጨነቅ ጀመረ። ቀለሟ አንድ ቀን ውኃ ቀድታ በብርቄ ጓሮ በኩል ስታልፍ፣ አጥሩ ላይ ደም የመሰለ የአንጮቴ ፍሬ ተንዠርጎ አየች። እንስራዋን አውርዳ ቀረበች። ሐረጉ ከግንዱ እንደ አውራ ጣት ወፍሯል፤ የአንድ ዓመት አይደለም።

"ማን ነው?" አለች ብርቄ ብቅ ብላ። "እሳት ከሆነ ከየት አባቴ ላምጣልሽ?"

"ይሄ ሐረግ... ከየት ነው፣ እትዬ ብርቄ?"

"ደግሞ እሱንም ሰረቅሽ ልትሉኝ ነው? የመጣሁ ጊዜ አማትሽ በእጇ ዘግና የሰጠችኝ ዘር ነው። መቼ እንደሚቆፈር የነገረኝ የለ፤ እኛ አገር አናውቀው። ለአጥሩ ጥላ ይሁነኝ ብዬ ተውኩት።"

የመንደሩ እናት ሥር ልጅ ሳትነካ ኖራ፣ እሷም እናት ሆናለች። ቀለሟ አጥሩን ያዘች።

"ያንን ሥር የቆፈርኩት እኔ ነኝ" አለች።

ብርቄ ቀይ ቀዩን ፍሬ እየመረጠች ትቀጥፍ ጀመር።

"ለእኔ ምን ይረባኛል? አለመስረቄንማ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።" ፍሬውን በቀለሟ ነጠላ ጫፍ አፈሰሰችላት። "ዘሩን ውሰጂ። ወሬውን ግን የት እንደምትዘሪው አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቀለሟ እንስራዋን እዚያው ትታ ወደ ምንጩ ተመለሰች። ሴቶቹ ውኃ ተራ ይጠብቃሉ፤ ድርቤም፣ ዱቤም አሉ። ነጠላዋን ዘርግታ ፍሬውን አሳየቻቸው፤ ከማን እንዳገኘችው፣ የድሮውንም ማን እንደቆፈረው በኦሮምኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

ድርቤ ምራቷን አልመታቻትም። "የልጄን እግር ጠገንሽ፤ የጎረቤቴን ስም ሰበርሽ" ብቻ አለቻት። "ለእግሩ ወጌሻ አለ። ለዚህ ማንን እንጥራ?"

በዚያው ቀን ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከብርቄ ደጅ ሄደው ይቅርታ ለመኑ። ብርቄ ሣሩን ተቀበለች፤ ድርቤን ሳመች፤ ቀለሟንም ሳመች። በሚያዝያ መንደሩ ሁሉ ከእሷ ፍሬ ዘራ።

ቀለሟ ልጆች ወለደች፤ አማቷን ቀበረች፤ እሷም በተራዋ አማት ሆነች። ከግራዋው ሥር ሌላ እናት ሥር አሳደገች። ዘር ሊወስድ የመጣን ሁሉ፣ "ይህ የብርቄ ነው፤ ስታልፉ አመስግኗት" ሳትል አትሰጥም ነበር። ማታ ማታም ለነገ ብላ ፍሟን በአመድ ታዳፍናለች፤ ለቤቷ ከሚበቃው አብልጣ።

ብርቄ ግን ከአርጆ ገበያ ክብሪት መግዛት ለምዳለች። ለሠርግ ትመጣለች፤ ለለቅሶም ትመጣለች፤ ስቃ ታወራለች። ገል ይዛ የመጣችበት ማለዳ ግን የለም። ቀለሟ እስክታረጅ ድረስ ጎህ ሲቀድ ደጃፏን ከፍታ ትቆም ነበር፤ ከመንደሩ ዳር፣ ከብርቄ ጎጆ፣ ከማንም ያልተጫረ እሳት ጭስ ሲወጣ እስክታይ።