የእትዬ ሃሎ የበር መብራት

እትዬ ሃሎ ይሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጠው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖሩ። ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት ግን ጆሯቸው ከዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከንፈር እያዩ ነው የሚግባቡት። ባላቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም።

አንድ ቀን ከታናሽ እህታቸው የስልክ መልእክት ደረሳቸው። «በሩን ብደበድበው ብደበድበው ዝም አልሽኝ። ካስቀየምኩሽ ንገሪኝ» ይላል። እሳቸው ለካ ያን ሰዓት እዚያው ሳሎን ልብስ ሲያጣጥፉ ነበር።

በማግስቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሄዱ።

«በር ሲንኳኳ የሚበራ መብራት ልሠራ ነው። ለጀማሪ የሚሆነውን ስጠኝ።»

«ተሠርቶ ያለቀ አለ እኮ፣ እናቴ» አለ ባለሱቁ።

«እሱ ደወል ሲጫኑ ነው የሚበራው። የእኔ ሰዎች ደወል አያውቁም፤ በጡጫ ነው።»

ባለሱቁ ትልቅ ሣጥን አወረደ፤ ሞተሩ፣ ስክሪኑ፣ መንኮራኩሩ፣ የሌለበት የለም።

«ዳቦ ባማረኝ ወፍጮ ቤት ልትሸጥልኝ ነው?»

ቀጥሎ ጥፍር የምታክል ባዶ ቺፕ አሳያቸው። ዋጋዋ ቀላል ነው፤ ፕሮግራም የሚጭንባት ሌላ መሣሪያ ግን ለብቻው ትፈልጋለች። እሷንም መለሱለት። በመጨረሻ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር የምትገናኝ ቦርድ አወጣ።

«ቢሳሳቱም አጥፍተው እንደገና መጻፍ ነው። አትቀየምም።»

«አገኘሁ!» አሉ እትዬ ሃሎ። ንዝረት የምታውቅ ሴንሰርና አንድ ደማቅ አምፖል ጨምረው ገዙና ወጡ።

አሮጌ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ከቦርዷ ጋር የመጣውን የፕሮግራም ምሳሌ ፊደል በፊደል ገለበጡ። በሦስተኛው ቀን ቦርዷ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም አለች።

«አየህ!» ብለው ዞሩ። የባላቸው ወንበር ላይ የታጠፈ ልብስ ብቻ ነበር።

ሴንሰሯ መጀመሪያ ላይ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ታበራ ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ቁጥር ከፍ ዝቅ እያደረጉ ልክ አስገቧትና በሩ ላይ ገጠሟት፤ አምፖሉንም ሳሎን ሰቀሉት። ለእህታቸውም ሁሉንም ጽፈው ላኩላት። «በርቺ፣ እመጣለሁ» አለች። ዘጠኝ ቀን አለፈ። መብራቱ አንድም ቀን አልበራም።

ተበላሽቶ ይሆን? በአሥረኛው ቀን ወጥተው የራሳቸውን በር አንኳኩ። በመስኮት ሲያዩ ሰው የሌለበት ሳሎን ቦግ አለ። ደህና ነው። የተበላሸ ነገር የለም። እጃቸውን በሩ ላይ እንዳደረጉ ቆሙ።

ከፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። «እትዬ፣ ቁልፍ ጠፋብዎ?»

«ኧረ የለም። ሰው ሲጠፋ ጊዜ እኔው መጣሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየች፣ «እኔ እኮ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር። ሳይከፍቱልኝ ሲቀሩ፣ ሰው መረራቸው ብዬ ተውኩት» አለች።

እትዬ ሃሎ «ቆይ እስቲ፣ በሩን ስዘጋው አንኳኪ» ብለው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ጠበቁ።

መብራቱ በራ። ወዲያው አልተነሱም፤ ጥቂት አዩት።