እጅጌው የረዘመ ኮት

ሰርካዲስ ባሏን ኮት ለብሶ አይታው አታውቅም። የተጋቡ ዕለት እንየው አዲስ ጋቢ ነበር የደረበው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃያ ሁለት ዓመታትም ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ሲጠብቅ፣ ልቅሶ ሲደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ትከሻው ላይ ያው ጋቢ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። የሰፈሩ ሰው "ይሄ ሰውዬ በዚህ ሙቀት እንዴት ይችለዋል?" እያለ ሲስቅበት ኖሮ፣ ኋላ ሰለቸውና ተወው። ሰርካዲስ ግን ለምን እንደማያወልቀው ታውቃለች። ከጋቢው ሥር ግራ እጁ አለ።

የዚያ እጁ ሁለት ጣቶች ከወገባቸው በላይ የሉም፤ የቀሩትም ተቆልምመው ደርቀዋል። ለጠየቃት ሁሉ "ልጅ ሳለ እሳት በልቶት ነው" ትላለች። ለገዛ ልጃቸው ለወንጌላዊትም ያሏት ይህንኑ ነው። እሳት ግን አልነበረም። እንየው ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ ወላጆቹ ገበታውን ለዩበት፤ ቀጥሎ መኝታውን ለይተው ከጎተራው ሥር አስተኙት። አንድ አጎቱ አዝኖለት በበቅሎ ጭኖ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አደረሰው። ሁለት ዓመት ታክሞ ዳነ። የሥጋ ደዌው ሄደ፤ የወሰዳቸው ጣቶች ግን አልተመለሱም።

ሰርካዲስ ያወቀችው እዚያው ቦሩ ሜዳ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። ሐኪሙ "ይህ ልጅ ድኗል፤ ወደ ማንም አይተላለፍም" ሲላት አመነችው። አገር ግን አያምንም። ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰው አጥንት ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ድረስ እየጠየቀ ይሄዳል። ያችን በሽታ ካገኘ ደግሞ ሳይሰናበት ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ከዘመድ ርቀው ማንም የማያውቃቸው ኮምቦልቻ ገቡ። እሷ ሽንኩርትና ጎመን እየቸረቸረች፣ እሱ መጋዘን እየጠበቀ፣ አፋቸውን ዘግተው ኖሩ።

ኢሕአዴግ በገባ በአሥረኛው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ወንጌላዊትን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ፈንታሁን ይባላል፤ ደሴ አስተማሪ ነው። እንየው በደንቡ መሠረት ቃል ሳይሰጥ፣ "ዘመድ ላማክርና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" ብሎ ከደጅ ሸኛቸው። ሲወጡ ታዲያ የልጁ አጎት፣ ኪዳኑ የሚባለው፣ ለጓደኞቹ "ሰውየው ያመዋል እንዴ? በዚህ ሙቀት ጋቢ?" ሲል ወንጌላዊት ከጓዳ ሰማች።

"እማዬ፣ በሚመጡበት ቀን አባዬ ጋቢ አይልበስ" አለች። "በናትሽ ኮት ግዢለት። እንደ ሰው አባት ኮት ይልበስ።"

ሰርካዲስ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ኮት እጅ አይሸፍንም። እጅጌው ካልረዘመ በቀር።

ሰኞ ዕለት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ ወጡ። የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ካፊያም ነበረ። ሰኞ ገበያ ውስጥ ሰው ለሰው እየተጋፋ፣ እንየው ግራ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እሷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ከአንድ ሳልባጅ ሱቅ ገቡ። ጀማሉዲን የሚባለው ባለ ሱቅ ኮቶቹን በገመድ ላይ ሰቅሎ ከሥራቸው ተቀምጧል።

"ሙሉ ልብስ ነው ወይስ ኮት ብቻ?"

"ኮት ብቻ። ሱሪ አለው።"

"ለሥራ ነው?"

"ልጅ ሊድር ነው።"

"ማሻአላህ! እንግዲህ አማት ፊት የሚያስከብር ነው የምሰጥዎ ጋሼ።" ባለ ወርቅማ ቁልፍ ሰማያዊ ኮት አወረደ።

እንየው ከላይ እስከ ታች አየውና "ይሄን ለብሼ ጥሩምባ ካልነፋሁ ይቀየሙኛል" አለ። ጀማሉዲን ሳቀ። ሰርካዲስ አልሳቀችም፤ የምታየው እጅጌውን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው አመድማ ነው። ትከሻው ላይ ልክክ አለ። "ወላሂ ተለክቶ የተሰፋልዎ ነው የሚመስለው!" አለ ጀማሉዲን።

"እጅጌው ያጥራል" አለች ሰርካዲስ።

"እትዬ፣ የኮት እጅጌ እኮ አንጓ ላይ ነው የሚቆመው።"

"ያጥራል አልኩህ።"

ሦስተኛው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ባለ ገበር የሱፍ ኮት ነበር። እጅጌው ከጣት ጫፍ ይደርሳል። ሰርካዲስ ትንፋሿ ተመለሰላት። "ይሄ ነው" አለች።

"ኧረ በአላህ! ጋሼ ልጅ ሊድሩበት ነው ወይስ ሊደበቁበት? ግድ የለም፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ። ትንሽ ጠብቁ፣ በአንድ አፍታ ያሳጥረዋል። እስከዚህ..." እያለ ግራ እጅጌውን ይዞ ወደ ላይ አጠፈው።

"ተው!" አለች ሰርካዲስ። ዘግይታ ነበር።

ጀማሉዲን አየ። እጁ እጅጌው ላይ እንዳለ ቀረ። ሰርካዲስ አሁን ይጮሃል፣ አሁን ኮቱን ይጥላል፣ ገበያው ይሰማል ብላ ጠበቀች። ሰውየው ግን ያጠፈውን ቀስ ብሎ መለሰና በመዳፉ ዳበሰው።

"እርስዎ ነዎት ልክ፣ እትዬ" አለ። "እንዲህ ነው የሚያምረው።" ከዚያ የግራውን ኪስ ፈትሾ ገበሩ መቀደዱን አየና መርፌና ክር አምጥቶ፣ እንየው እንደለበሰው፣ አጎንብሶ ሰፋው። "እጅ ገብቶ ሲያርፍበት እንዳይቀደድ" አለ። ቀና ብሎም "አገራችሁ የት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ወልድያ" አለች ሰርካዲስ ከባሏ አፍ ነጥቃ።

ከሱቁ ሲወጡ እንየው "ምነው ዋሸሽው? ደግ ሰው እኮ ነው" አላት።

"ደግም ሰው ያወራል። ሙሽራው የዚህ አገር ልጅ አይደል? ነገ ሱቁ ገብቶ ኮት ቢለካስ?"

ያን ሳምንት በሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይደነግጥ ነበር።

የቀጠሮው እሑድ ዕለት እንየው ኮቱን ለብሶ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቆመ። እጁ አይታይም፤ ግራው ኪሱ ውስጥ ነው። ያምር ነበር። ግን ገና ከመልበሱ ከግንባሩ ላብ ጠብ አለ፤ ያኔ ነው ሰርካዲስ የሠራችው የታያት። ኮቱን የገዛችው ደሴ ብርድ ውስጥ ቆማ፣ እየተንቀጠቀጠች ነው። እጅጌ እጅጌ ስትል ኮምቦልቻን ረስታው ነበር። የግንቦት ፀሐይ ከጣሪያው ላይ ወርዶ ቤቱን አግሎታል። አሁን ሌላ መፈለጊያ ጊዜ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ደርሰዋል።

ትልቁ አቶ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ለፈንታሁን አባት የክርስትና አባት። ሁለተኛው ሐጂ ዘይኑልአቢዲን፣ የልጁ ወላጆች ጎረቤት። ሐጂም አብረው እንዲቀርቡ ብላ ሰርካዲስ ያሰናዳችው ምሳ ሥጋ የለበትም። ሦስተኛው ኪዳኑ ነው። ተቀመጡ። ደንብ ነውና ቃል ሳይሰጣቸው ምንም አይቀምሱም።

አቶ ገብረ ማርያም ኮታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። "አቶ እንየው፣ በእግዜር፣ እርስዎም ያውልቁ። እርስዎን ሳይ እኔን አላበኝ።"

"ደህና ነኝ፣ ጋሼ።"

ሐጂ በቆባቸው ፊታቸውን እያራገቡ "ልጄ፣ ይሄ ቤት እኮ ምድጃ ነው፤ ቀለል ይበልህ" አሉት።

"ደህና ነኝ፣ ሐጂ።" ላቡ ከአገጩ ኮቱ ላይ ይንጠባጠባል።

"ብርድ ብርድ ብሎት ነው" አለች ሰርካዲስ ከጓዳው በር።

ኪዳኑ ቀና አለ። "ብርድ? ዛሬ?"

"ወባ ነው።"

"ወባ የያዘው ሰው ይተኛል እንጂ ኮት ለብሶ እንግዳ ይቀበላል? ባለፈውም ስንመጣ ጋቢ ተከናንቦ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ብርድ ብርድ የሚል ምን ዓይነት ወባ ነው?" ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረ። "እኔ የወንድሜን ልጅ እሳት ውስጥ አልጨምርም። በግልጽ እንነጋገር። እዚህ ቤት ያለው ያ የዘመኑ በሽታ ነው?"

ያን ጊዜ የኤድስ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም፤ ግን በየሰፈሩ ወጣት ይቀበራል። ሰርካዲስ አንዱን ስትሸሽግ ባሏን ወደ ባሰው ገፍታዋለች፤ ልጅቷንም ጭምር።

እንየው ተነሣ። ቁልፎቹን በቀኝ እጁ አንድ በአንድ ፈታ፤ ጊዜ ወሰደበት። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረና ግራ እጁን ዘረጋ።

"ይሄ ነው" አለ። "ቦሩ ሜዳ ሁለት ዓመት ተኝቻለሁ። ከወጣሁ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ድኛለሁ። ሌላ በሽታ የለብኝም። ልጄ ምንም የለባትም።"

ከጓዳ ወንጌላዊት የእናቷን ነጠላ ከኋላ ጨብጣለች። "እሳት አይደለም እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"መድኃኒቱን ጨርሰሃል?" አሉ ሐጂ።

"ጨርሻለሁ።"

አቶ ገብረ ማርያም ወደ ጓዳው በር ዞሩ። "ሴትዮ፣ ወዲህ ይቅረቡ። ስንት ዓመት አብረውት ኖሩ?"

"ሃያ ሁለት።"

"በአንድ ገበታ?"

"በአንድ ገበታ፣ በአንድ አልጋ።"

"እጅዎን ያሳዩኝ።"

ሰርካዲስ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ሽንኩርት ያጠቆራቸው፣ ቢላዋ የጫራቸው፣ ጥፍራቸው የተሸራረፈ ነው፤ ግን አሥሩም ጣቶች አሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። አላፈሩም፤ መዳፏን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ደዌው የያዘው ጣት ይደነዝዛልና አንድ በአንድ ቆንጠጥ እያደረጉ "ይሰማዎታል?" ይሉ ነበር። "ይሰማኛል" ትላለች። እንዲህ እንደ ገበያ በግ ስትመረመር አልከፋትም። የፈራችው አሥረኛው ጣት ጋ ሲደርሱ ሳይሰማት እንዳይቀር ነበር። ተሰማት።

"እንግዲህ ይህች ሴት ምስክር ናት" አሉ አቶ ገብረ ማርያም። "እኔ በበኩሌ በቅቶኛል። ሐጂ?"

"አላህ የፈወሰውን እኔ አላሳምመውም።"

ኪዳኑ ተነሣ። "እናንተ ብሉ። ለኔ ግን ይሄ አይበቃኝም" ብሎ ወጣ።

አቶ ገብረ ማርያም በሩን እያዩ "ይውጣ፤ ልጁ አባት አለው፤ የላከን እሱ ነው" አሉ። "እንግዲህ አቶ እንየው፣ ቃልዎን ይስጡን።"

እንየው "ሰጥቻለሁ" አለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ትሪው ቀረበና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከእንየው ጋር በአንድ ገበታ ቀረቡ።

ሰርካዲስ በመስኮት ስታይ ኪዳኑ አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጓደኞቹን ይጠብቃል። የሚናገረውን ማን ያስቆመዋል? ነገ ደሴ ነው፤ ከነገ ወዲያ የልጁ እናት ጆሮ። ከእንስራው በብርጭቆ ውሃ ቀዳችና በሁለት እጇ ይዛ ወጣችለት።

"ፀሐዩ ከባድ ነው" አለችው።

ብርጭቆውን አየው። እጆቿን አየ። አልተቀበላትም። ክንዷ እስኪዝል ጠበቀችው።

"አስቀምጪው" አለ በመጨረሻ፣ በአገጩ ወደ አጥሩ ድንጋይ እያመለከተ።

አስቀምጣለት ገባች። ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም። እንግዶቹ በሚኒባስ ከሄዱ በኋላ ወጥታ ስታይ ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ድንጋዩም በፀሐይ ደርቋል። ጠጥቶት ይሁን ደፍቶት፣ እስከ ጥር ድረስ ያንኑ ስታስብ ከረመች።