ዳንቴል የለበሰው ስክሪን

ትልቁ ስክሪን ትምህርት ቤታችን የገባ ቀን ተማሪውም መምህሩም አጨብጭቧል። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ቪዲዮና ድምፅ የሚያጫውት፣ ግድግዳውን ግማሽ በግማሽ የሚሸፍን ዕቃ ነው። በማግስቱ ርዕሰ መምህራችን ከቤቱ ነጭ ዳንቴል ይዞ መጣና አለበሰው። ባለቤቱ በእጇ የሠራችው ነው፤ ጠርዙ ላይ አበባ አለው። ከዚያ አዳራሹን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

አቧራ እንዳይገባበት ነው አለን። ማንም አልገረመውም። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ የሚከበረው እንዲህ ነው። የእናቴ ቤት ሶፋ ከነፕላስቲኩ ነው ያረጀው፤ ልጆች ሆነን ላባችን እያጣበቀን እንቀመጥበት ነበር፣ ፕላስቲኩን እናንሳው ያለ ሰው ግን አላስታውስም። ስለዚህ የዳንቴሉ ነገር ሲጀመር አላናደደኝም። ያናደደኝ ቆይቶ ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስክሪኑ በመጣ ሰሞን፣ በኦንላይን መሣሪያዎች ትምህርት ስለማዘጋጀት ሥልጠና አለ ተብሎ ከየትምህርት ቤቱ ተውጣጥተን አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰብን። አሠልጣኙ፣ ተማሪ በጽሑፍ ብዛት እንደሚሰለች የሚያስረዳ፣ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ ስላይድ ከፍቶ እያነበበልን አረፈደ። ከሰዓት መብራት ሄደና የቀረውን በቃል ነገረን። ቪዲዮ አሠራርን በቃል መማር ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ። ሥዕልና ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት፣ የራስን ድምፅ የሚቀዱበት፣ መሀል ላይ ጥያቄ የሚያስገቡበት ድረ ገጽ አለ፤ የሚናገሩት ሁሉ ደግሞ ከሥር በጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ይሄን የመጨረሻውን ስሰማ ሐሳቤ ወደ አንዲት ተማሪዬ ሄደ።

ልጅቷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከአዲሎ መጥታ ሆሳዕና ውስጥ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በሕፃንነቷ ያዛት ከባድ ትኩሳት ጆሮዋን ስለወሰደው ከንፈር እያነበበች ነው ሰው የሚለውን የምትረዳው። የቤቷ ቋንቋ ከምባትኛ ነው፤ እኛ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ፣ የምናብራራው በአማርኛ። በዚያ ላይ መምህር ግማሹን ሰዓት ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ነው የሚያወራው፤ እኔም ያው ነኝ። ጀርባዬ ከንፈር የለውም። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከጓደኞቿ ደብተር ስትገለብጥ ትውላለች። ዓምና ለጥቂት ነው ያለፈችው።

አባቷ አዲሎ መንገድ ዳር ሱቅ አለው። ኅዳር ላይ መጣና፣ ልጄ እዚህ ቁጭ ብላ ከመዋል በቀር የምታገኘው ነገር ከሌለ ወደ ቤቷ እመልሳታለሁ አለኝ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ፣ ፊቱ ግን እሺ አላለም።

ሥራ ጀመርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ካፌ ኔትወርኩ ደህና ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እየተቀመጥኩ የኩላሊትን ትምህርት አዘጋጀሁ። ደሙ ሲገባ፣ ሲጣራ፣ ሲወጣ ይታያል፤ የምለው ሁሉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ከሥር ይጻፋል። ችግሩ ድምፄ ነው። ኩላሊቱ ደም ማጣራት በጀመረ ቁጥር ከውጭ አንዱ «አዲስ አበባ፣ የሞላ፣ የሞላ» እያለ ይገባበታል። ደጋግሜ ቀዳሁት፤ መጨረሻ ላይ ታከተኝና ከነጩኸቱ ተውኩት። የሠራሁላት ልጅ እንደሆነች አትሰማው።

ከዚያ ቁልፍ ፍለጋ ተጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስክሪኑን ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው፣ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠየቀውም እሱ ነው። ዛሬ መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ይቃጠላል ይለኛል። ሌላ ቀን ተማሪ በእስክሪብቶ ይነካካዋል ይላል። ሌላ ቀን ቁልፉን ቤት ረስቶታል። ሌላ ቀን ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ሌላ ስብሰባ አለ። እኔም ተመልሼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ኩላሊት እስላለሁ፣ እየሳልኩ አወራለሁ፣ ዞር ስል ልጅቷ አፌን ፍለጋ አንገቷን አስግጋለች። ብዙ ቀን ደሜ እየፈላ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በሩ በመጨረሻ የተከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ፤ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ያቺን የኩላሊት ነገርሽን አሳዪልን አለኝ። ዳንቴሉ ተገፈፈ። ተማሪዎቼ ገቡ፣ ጎብኚዎቹ ከኋላ ተደረደሩ። መብራቱም ኔትወርኩም እንግዳ ያከብራሉ መሰለኝ በሰላም ቆዩ። እኔ የማየው ልጅቷን ብቻ ነበር። ዓይኗ ጽሑፉን ተከትሎ ይሄዳል፣ ወደ ሥዕሉ ይወጣል፣ ይመለሳል። መሀል ላይ ያስገባሁት ጥያቄ ብቅ ሲል ክፍሉ ገና እያሰበ እሷ እጇን አወጣች። ልጆች በድምፅዋ ስለሚስቁ ክፍል ውስጥ መናገር ትታ የነበረች ልጅ ናት። ወጥታ ትክክለኛውን መልስ በጣቷ ነካችው። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ጎብኚዎቹ ፎቶ ተነሥተው ወደ ምሳ ሄዱ። ልጆቹን ሸኝቼ ስመለስ ዳንቴሉ ቦታው ተመልሷል፣ በሩም ተቆልፏል።

ቢሮው ገብቼ ተጣላሁት። ጸሐፊዋ ተነሥታ እስክትወጣ ድረስ ጮህኩ። ለማን ነው የምታስቀምጠው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝና፣ ለምን በቴሌግራም አትልኪላቸውም፣ ሁሉም ስልክ አለው አለኝ። ከመናደዴ ብዛት ሐሳቡ ጥሩ መሆኑ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የኩላሊቱንና ከዚያ ወዲህ ያዘጋጀኋቸውን ትምህርቶች ወደ ቪዲዮ ቀይሬ፣ ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ላክሁላቸው። ልጅቷ እያቆመች፣ እየመለሰች፣ እንደገና እያየች አጠናችው። የሴሚስተሩ ፈተና ሲታረም በባዮሎጂ ከክፍሉ ፊተኞች አንዷ ሆነች። የቀሩት ትምህርቶች እንደነበሩ ናቸው፤ ቢሆንም ደስታዬን አልቻልኩትም። ያንን ቁልፍ ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ልጅቷ አልመጣችም። ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ስትቀር ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲሎ ሄድኩ። ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ ሳሙና እየደረደረች ነበር፤ ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝ። አባቷ ወንበር አወጣልኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ልወቅሰው ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን እጄን በሁለት እጁ ይዞ ያመሰግነኝ ጀመር።

«ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትምህርት ቤቱን ቤታችን ድረስ አመጡልን። ትምህርቱ ስልኳ ላይ አለ። ከእንግዲህ ለምን ብቻዋን ሰው ቤት ትኖራለች?»

የላክሁት የእኔን ትምህርት ብቻ ነው አልኩት። ሌሎቹም እንደ እርስዎ ይልኩላታላ አለኝ፣ ከልቡ። ሌሎቹ አይልኩም፣ አንዳንዶቹ እንዴት እንደሚሠራም አያውቁም አልኩት። ይማራሉ አለ። ሳይመዘገቡ መማር አይቻልም አልኩት። ፈተና ሲደርስ ራሴ ይዣት እመጣለሁ አለኝ። የእኔ የቤት ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእሱ ከምባትኛ፤ ለሁለታችንም የትምህርት ቤትና የገበያ በሆነው አማርኛ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከርን። ልጅቷ የእሱን ከንፈር አንዴ፣ የእኔን አንዴ እያየች በመሀላችን ቆማለች። ምን ያህሉን እንደያዘችው አላውቅም። እሱ ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም፤ እኔ ነኝ የጮህኩት። ልጁን የሚጠላ አባት አልነበረም፣ ዕቃውን የሚጠላ ርዕሰ መምህርም የለኝም። ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጥቼ ተመለስኩ።

ትምህርቶቹን አሁንም እልካለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር ስለ ልብ የሚያስረዳውን በላክሁ ቀን ከእሷ መልእክት ገባልኝ። ያልገባት ነገር ያለ መስሎኝ መልስ ለመስጠት ተዘጋጅቼ ከፈትኩት።

«ቲቸር፣ ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?»

የእኛ ክፍል ተማሪው ተጨናንቆ ነው የሚቀመጠው፤ ከፊት ያለ ቦታ ባዶውን አይውልም። ማንም አልተቀመጠም፣ እየጠበቀሽ ነው ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ብትመጣና ብታየውስ? ደግሞም እንዳትመጣ ያደረጋት የእኔው ቪዲዮ ነው፣ በዚያ ላይ ልዋሻት? በቀረች በሳምንቱ ከኋላ የነበረች ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ ተቀምጣበታለች፤ እኔም ተነሽ አላልኳትም። እውነቱን ጻፍኩላት።