የቀጥቃጮቹ መቃብርና የአያ ካሳ ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ማዶ አንድ ጉብታ ነበር። ዛፍ የለው፣ ቅጥር የለው፤ የተከመረ ድንጋይ ብቻ እዚህም እዚያም ይታይበታል። የፈላሻ መቃብር ነው። ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንላቸው፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል እንደሚሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ማረሻችን ከእነሱ፣ ድስታችን ከእነሱ፤ ስማቸው ሲነሣ ግን እናቴ ታማትብ ነበር።

ተረቱን የሚያወሩልን የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ካሳ ነበሩ። ከእራት በኋላ ምድጃው ዳር ይቀመጡና ፍሙን በእንጨት ገለጥ ገለጥ እያደረጉ፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ የኩራዙም ብርሃን ጥላቸውን ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ።

«የዚያ ጉብታ ሙት ተኝቶ አያድርም። አመድ ላይ ይንከባለልና ጅብ ሆኖ ይነሣል። አንዱን በዓይኔ አይቸዋለሁ፤ ጆሮው ላይ የብር ጉትቻ ነበረው። ጠባቂም አላቸው። ሰው በሞተ ቁጥር አንዱ ከጉብታው ጥግ ካለችው ትንሽ ጎጆ ብቻውን ይቀመጣል፤ ምግቡን ከሩቅ መሬት ላይ ያኖሩለታል እንጂ እጅ ለእጅ አይሰጡትም። ለምን ይመስላችኋል? ሙቱን እየቀሰቀሰ ነዋ!»

ጎጆዋንና የተቀመጠውን ሰው እኛም ከሩቅ አይተናልና ተረቱ እውነት መሰለን። ታናሽ እህቴ እግሯን ከጋቢዬ ሥር ትደብቃለች። ተረቱ ሁልጊዜ የሚያልቀውም በአንድ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ «ወደዚያ ዝር እንዳትሉ! ከብት አይነዳ፣ እንጨት አይለቀም!»

አንድ ግንቦት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የአባቴ ማረሻ ተሰበረና እናቴ አዲሱን ከተገኘ ዘንድ እንዳመጣ ላከችኝ። ተገኘ የአገሩ ሁሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ጺማቸው ነጥቶ ደረታቸው የደረሰ ሽማግሌ። የአያ ካሳንም ማረሻ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ሆኖም «አያ» የሚላቸው አልነበረም፤ ልጅ አዋቂው «አንተ ተገኘ» ነው።

ቤታቸው ስደርስ ወናፉ ዝም ብሏል። ምራታቸው ከደጅ ጭቃ ታቦካለች።

«ማረሻው አልቋል፤ የት እንዳኖሩት የሚያውቁ ግን እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ሚስታቸውን ቀብረው ከጎጆዋ ናቸው። ሂጅና ከሩቅ ሆነሽ ጠይቂያቸው።»

የአያ ካሳ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ባዶ እጄን ብመለስ ደግሞ አባቴ ሊያርሱ አይችሉም። እመቤቴን እየጠራሁ ሄድሁ።

ተገኘ ከጎጆዋ ደጅ ተቀምጠዋል። ቀረብ ስል እጃቸውን ዘርግተው አገዱኝ።

«ከዚያው ቁሚ፣ ልጄ! አትጠጊኝ!»

«ልትበላኝ ነው?» አልሁ።

ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። «በምን ጥርሴ? ሚስቴን በእጄ ቀብሬ ነው። በሕጋችን ሙት የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፤ ኋላ ታጥቦ ከሰው ይቀላቀላል። እስከዚያ የሚነካኝ የለም።»

ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ እያመለከቱ አወሩልኝ። ትልቁ ክምር የቅድመ አያታቸው ነው። እኚያ ሰው ከጎንደር ወገን የመጡት የኛ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ መጥረቢያውን፣ መሮውን፣ የበሩን ብረት እንዲቀጠቅጡ ተጠርተው ነበር። ሲሞቱ መቀበሪያ ጠፋ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይገቡ፣ ከሰው ርስት አያርፉ። የዚያን ጊዜው አለቃ ለእርሻ አይሆንም የተባለውን ይህን ጉብታ ሰጧቸው።

«ርስት የለንም፣ ልጄ። አገር የምንለው የምንተኛባትን ይችን ነው። እሷም እያጠረች ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ግርጌው አመለከቱኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከጉብታው ሥር ያለው የአያ ካሳ ማሳ ነው። ትልሙ ግን ማሳው ላይ አልቆመም፤ ሽቅብ ወጥቷል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የመቃብር ድንጋዮች ተነቅለው ዳር ዳሩን ተጥለዋል። ከአዲሱ ክምር፣ ከሚስታቸው መቃብር፣ ሊደርስ አንድ ዙር እርሻ ቢቀረው ነው። የአያ ካሳ ቀንበር ከነሞፈሩ እዚያው ተጋድሟል።

«ማን አረሰው?» አልሁ፣ እያወቅሁ።

«ማረሻውን የሠራሁለት ሰው» አሉ። «ብናገር ማን ያምነኛል? ቡዳ ነገር አመጣ ነው የሚሉኝ። ነገ ጧት ጠምዶ ሲመጣ በእሷ ላይ ያልፋል።»

ማረሻው ያለበትን ነገሩኝ፤ ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁ። ያየሁትን ግን አልተናገርሁም። ልጅ በታላቅ ላይ አፍ አይከፍትም።

አመሻሹ ላይ አያ ካሳ መጡ፤ ፍሙን ገለጥ አደረጉ።

«ሰማችሁ? የተገኘ ሚስት ጅብ ሆና ወጥታለች። ጉብታውን ገለባብጣ፣ ድንጋዩን ዳር ዳር ጥላ...»

እህቴ ወደ ጋቢዬ ሥር ገባች። እኔ ፍሙን እያየሁ ነበር፤ አፌ እንዴት እንደተከፈተ እንጃ።

«አያ፣ ጅብ በሬ ይጠምዳል እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«አፈሩ ትልም ትልም ሆኖ ነው የተገለበጠ። ቀንበርዎም እዚያው ነው።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ!» አለች እናቴ፤ ግን ሳቋ እንዳይታይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። አባቴ ከተጋደሙበት መደብ ቀና አሉ።

«እውነት ነው፣ ወንድም ዓለም?»

«የቡዳ አጥንት ነው፤ ምን ይሆናል?» አሉ አያ ካሳ።

«የሰው አጥንት ነው» አሉ አባቴ። «ጧት ሽማግሌ ይዘን አብረን እንሄዳለን።»

ሄዱም። የተነቀለው ድንጋይ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ድንበርም ተተከለ። አያ ካሳ ግን እኔ ባለሁበት ተረት አውርተው አያውቁም። «ይች ልጅ እያለች ተረት አይጥምም» ይሉ ነበር።

ዛሬ የነአያ ተገኘ ወገን ከአገራችን ወጥቶ ሄዷል፤ ጉብታውን ሣር ውጦታል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በዚያ ሳልፍ አማትባለሁ። የልጅነቱ ፍርሃት ከልቤ ፈጽሞ አልወጣም፤ አልዋሽም። ካማተብሁ በኋላ ግን «ነፍስ ይማር» እላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ስገፋም ብረቱን ዳሰስ አደርጋለሁ። ልጆቼ ከጎረቤት የሰሙትን፣ እነ እገሌ እንዲህ ናቸው የሚል ወሬ ይዘው ሲመጡ ደግሞ እስኪጨርሱ እሰማቸዋለሁ። ከዚያ «ያወራላችሁ ሰው ማሳው የት ነው?» እላቸዋለሁ።