የማይነካኩ አተሞች

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የያዙኝ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ ደጅ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ነው። አገር ቤት በጻፍሁት ተከስሼ የሸሸሁ ጋዜጠኛ ነኝ፤ እዚህ የጥገኝነት ውሳኔ እጠብቅ ነበር። ያስገቡኝ የስደተኞች ማቆያ ክፍል ግድግዳ ነጭ ነው፤ መብራቱ አይጠፋም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ከጎኔ ባለው አልጋ አንድ አዛውንት የፊዚክስ ተመራማሪ ነበሩ። የታሰሩ ተማሪዎቻቸው እንዲፈቱ በአደባባይ ጠይቀው የተሰደዱ ናቸው። ቢመለሱ የሚጠብቃቸው እስር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጥገኝነት ጥያቄያቸው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ጭንቀታቸውን እንዲረሱ፣ በክፍሉ ያለነው ስለ ሥራቸው ጠየቅናቸው። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች አራርቀው አስቀመጡ።

«አተሞቹን በሌዘር እናቀዘቅዛቸዋለን፤ ለመቆም ምንም አይቀራቸውም። ከዚያ ከፍ ያለ ጉልበት እንሰጣቸዋለን። ያኔ እጅግ ይለጠጣሉ፤ የጎረቤታቸው መኖር ከሩቅ ይሰማቸዋል። አንዱ ጉልበቱን ለሌላው ያስተላልፋል። ሰጪው ይወርዳል፣ ተቀባዩ ይወጣል።»

«ሳይነካኩ?» አለ ካፒቶል ሂል ሰፈር ምግብ ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት፤ አዲስ አበባ ያደገ ኤርትራዊ ነው።

«ሳይነካኩ።»

«ሶ ዶክተር፣ ለቅዝቃዜው ከሆነ ይሄ ክፍል ላቦራቶሪዎ ነው።»

«ቅዝቃዜውስ ሞልቷል። ያጣነው ጉልበት የሚሰጠን ነው» ብለው ሳቁ።

ከዳኛው ዘንድ የመለሷቸው ማታ፣ ጠባቂዎቹ እኛን በሚቆጥሩበት ሰዓት ነው። በቆጠራ ጊዜ ሁሉም አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ መነሳት ክልክል ነው። በሩ ላይ ቆሙ።

«ጥያቄዬን አልተቀበሉም» አሉ።

ወጣቱ ብድግ አለ። «ኖር፣ ዶክተር!»

እኔም ተነሳሁ። አንዲት የአማርኛ ቃል የማያውቀው የሆንዱራስ ሰው እኛን አይቶ ተነሳ። ከእሱ ወዲያ ያሉትም ተከተሉ።

«ሲት ዳውን!» ጮኸ ጠባቂው። ስልክ እንደሚከለክለን ዛተ። አዛውንቱ ቆመው ማን ይቀመጣል? እሳቸው ካልተቀመጡ እንደማንቀመጥ ገባቸው። ቅርባቸው ባለው የሰው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«በእግዜር። በሉ ተቀመጡ ልጆቼ፣ ከቤተሰብ እንዳያቆራርጧችሁ።»

ተቀመጥን። ስልኩ ግን ተከለከለ፤ የወጣቱ ሚስት ማውንትሌክ ቴራስ በሚባለው ከተማ ሆና ጥሪውን ስትጠብቅ አመሸች። ዶክተሩን በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ሊመልሷቸው ወሰዷቸው።

እኔ ከዚያ በኋላ ተፈትቻለሁ። ጠበቃቸውን ጠየቅሁ፣ ዘመዶቻቸውንም አፈላልጌ ጠየቅሁ። የት እንደደረሱ የሚያውቅ አላገኘሁም። በሙያዬ ያላረጋገጥሁትን አልጽፍም። ስለዚህ በሕይወት አሉ ብዬ አልጽፍም፤ የሉም ብዬም አልጽፍም።