ከህዳጉ ያለፈ እጅ

የአውቶቡስ ጋራዡ ጸሐፊ ሻካራ ቃል ስታይ ለማለስለስ እጇን ይበላታል። ደረቅ ማስታወቂያ ስትጽፍ እንኳ በከንፈሯ ታንጎራጉራለች። ለሥራ አስኪያጁ የሚመጣው ኢሜይል ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፤ እሱ ስክሪን ላይ ማንበብ አይወድምና አትማ፣ ህዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ማስታወሻ ጽፋ ታቀርብለታለች፦ «ይኼ ሰው አምናም ጠይቆ ነበር»፣ «ይኼኛው ተቆጥቷል፤ ግን እውነቱን ነው»። ሥራውን ያስረከቧት የቀድሞዋ ጸሐፊ ጡረታ ሲወጡ አንድ አደራ ጥለውባታል።

«ህዳጉ ላይ የፈለግሽውን ቀባጥሪ። መሃሉን ግን እንዳትነኪ፤ የሰው አፍ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት አልነካችም።

አንድ ማክሰኞ የጋሽ ፍሬን ኢሜይል መጣ። ጋሽ ፍሬን የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ፍሬን ሳይፈትሹ መኪና አያስወጡምና ስሙን ሾፌሮቹ አወጡላቸው። እሳቸው እየተናገሩ ልጃቸው ጽፋላቸዋለች፦ «የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ፍሬን አልተጠገነም። ተጠግኗል ብዬ አልፈርምም። ፈርም የምትሉኝ ፈሪዎች ናችሁ።»

ጸሐፊዋ ክው አለች። ለጡረታቸው ስምንት ወር ነው የቀራቸው፤ በዚህ አፋቸው ያባርሯቸዋል! ህዳጉ ላይ «ደክሟቸው ነው፣ ይታለፍ» ብትል ይበቃ ነበር። እጇ ግን አላስቻላትም። ከማተሟ በፊት «ፈሪዎች» ያለውን ዐረፍተ ነገር አጠፋች፤ «አልፈርምም»ንም «መፈረሙ ይከብደኛል» አደረገችው። ስታነበው እንደ እንጉርጉሮ አንጀት ይበላል። እንባዋ መጣ፤ በገዛ ደግነቷ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ጋራዥ ወረደ።

«ጋሽ ፍሬን፣ ከበደኝ አሉ እንጂ እምቢ አላሉም። በሉ ይፈርሙ።»

«ማን? እኔ?» ሽማግሌው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። «ይኼ የኔ ቃል አይደለም።»

«ከራስዎ ኢሜይል የመጣ ነው እኮ!»

«ዛሬስ ጋሽ ፍሬን ራሳቸው ፍሬን ያዙ!» አለ አንዱ ሾፌር። ጋራዡ በሳቅ አውካካ።

ጸሐፊዋ ደረጃው ላይ ቆማ የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር አየች። አፋቸው ውስጥ እንደ ማጉረምረም «ልጄ ትሆን እንዴ ፈርታ የቀየረችብኝ?» አሉ።

ይኼኔ ደረጃውን ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

«ልጅዎ አይደለችም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

ሮጣ ዋናውን ኢሜይል አትማ አመጣች። ሥራ አስኪያጁ «ፈሪዎች» ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ። የሚስቅ ጠፋ። ሰባት ቁጥር ያን ቀን አልወጣም።

«እንዳያባርሩዎት ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ሳያዩዋት። «መባረሩንማ እችለው ነበር። የገዛ ልጄን አስጠረጠርሽኝ።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በለወጠችው ወረቀት ህዳግ ላይ በቀዩ እስክሪብቶ «ይህን የለወጥኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበት፣ ከዋናው ጋር አያይዛ ፋይል ውስጥ አስገባችው። ፊደሉ ተንጋድዷል። አላስተካከለችውም።