መጨረሻ የገባው

ሐኪሟ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በጠረጴዛዎቹ መካከል ታልፋለች፤ የኮምፒዩተሮቹንም ሳጥን አንድ በአንድ በመዳፏ ትነካለች። ሳይጠፋ ያደረውን በሙቀቱ ታውቀዋለች። የጽሕፈትና የትርጉም ቢሮው ሠራተኞች ለኮምፒዩተር ጠጋኛቸው ይህን ስም ያወጡላት ትኩሳት የምትለካ ስለምትመስል ነው።

ሕጓ አንድ ነው፤ ማሽን ሲታመም፣ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይጠየቃል። አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ማተሚያ፣ አዲስ ገመድ ሁሉ በየተራ ይወጣል። ይህን ቢሮው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል።

የእህቷን ልጅ እዚህ ያስቀጠረቻት እሷ ነች። ልጅቷ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ ስካነር ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሯ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ ነጭ ጽሑፍ ብልጭ አድርጎ ይጠፋና ራሱ መልሶ ይነሳል። ያላስቀመጠችው ትርጉም አብሮ ይሄዳል። ሐኪሟ ስትደርስ ማሽኑ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይጠብቃታል፤ እየጻፈች ብትውልበትም ምንም አይለውም።

«ልጅቷ እጇን ስታሳርፍበት ነው» አለች አንዷ ተርጓሚ። «እኔማ እንዳትነካኝ መሸሽ ጀምሬያለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። የአንድ ደንበኛ ውል ተተርጉሞ ካለቀ በኋላ ጠፍቶበታል።

«እስቲ ሕግሽን ንገሪን። መጨረሻ የገባው ማነው?»

ሐኪሟ ስካነሩን አየችው። መርጦ ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ በመጣ ቀንም ሲያሞካሸው ውሏል። በሰው ፊት «የእርስዎ ዕቃ ነው» ማለት ከበዳት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ነገሩ፣ «ልጅቷ ጥቂት ቀን ትረፍና ልየው» አለች።

ልጅቷ ሹራቧን ከወንበሩ አነሳች።

«አክስቴ፣ እንደ ገመድ ነቀልሽኝ አይደል?»

«ለጥቂት ቀን ነው የኔ ልጅ።»

«ገመድ እኮ መልሰው ይሰኩታል።»

ሐኪሟ ማሽኑ ሲሞት ራሱ መልሶ እንዳይነሳ አድርጋ ተቀመጠችበት። ጠዋቱን ሙሉ ሠራችበት፤ አልሞተም። ምሳ በልታ ተመልሳ ማውሱን ስትነካ ግን ሰማያዊ ሆነ፣ በዚያውም ቀረ። ነጩን ጽሑፍ አነበበችው፤ የስካነሩን ድራይቨር ስም ይዟል። ድራይቨር በኮምፒዩተሩና በዕቃው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ይህኛው ማሽኑ ሲያንቀላፋ አብሮ ያንቀላፋል፤ ማሽኑ ሲነቃ ግን እንደተኛ ይቀራል፤ ይዞትም ይወድቃል። ልጅቷ ደንበኛ አስተናግዳ ተመልሳ እጇን ስታሳርፍ የሚሞተው ለዚህ ነበር። ሐኪሟ ግን ተቀምጣ ስትጠብቀው እንቅልፍ ነስታው ኖሯል።

ድራይቨሩን አውጥታ የታረመውን ጫነች። ማሽኑን ደጋግማ አስተኝታ ቀሰቀሰችው፤ በሰላም ተነሳ።

«ጎሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስካነሩ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ደህና ነው። ልጅቷ ነገ ትመለስ?»

እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። «ለሚስቴ ወንድም ቃል ገብቼለታለሁ። ወንበሩን ባዶ ሆኖ ሲያየው ሥራውን ጠየቀኝ።»

«እኔ ያልኩት ትረፍ ነው።»

«ትረፍ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አንድ ቃል ወጥቶኛል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ማታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ልብስ እያጠፈች ነበር። ስለ ስካነሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ድራይቨሩ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ቀና ሳትል። «ያገኘሽው ጥሩ ነው። ለማሽኑ።»

ልጅቷ ከጓዳ አልወጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ሳጥኖቹን እየነካች ስታልፍ የልጅቷ ማሽን ሞቆ ነበር፤ አዲሱ ሰውዬ ቀድሟት ገብቷል። የልጅቷን መግቢያ ስም ሰርዛ ለእሱ ሌላ ከፈተችለት። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ፊቷን አዞረች።